የሚሰነጠቅ ኮቲቻ መሬት ላይ አትክልት መትከል፦ ከምርመራ እስከ ቦይ

ሐረማያ አካባቢ ዝቅ ያለ ሜዳ ተከራይቶ ሽንኩርት ወይም ድንች የሞከረ ሰው ታሪኩ ይመሳሰላል። በበጋ ያየው ጥቁር አፈር ለም ይመስላል። ይከራያል፣ ይተክላል። ሐምሌ ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። ችግኙ ቢጫ ይሆንና ይሞታል። በዓመቱ ሌላ ሰው ይከራየዋል።

እኔም ሁለት ዓመት ከስሬበታለሁ። መሬቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ኮቲቻ (ሌላው አገር ዋልካ ወይም መረሬ ይለዋል) ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። በሁለቱ መሀል የሚሠራበት ጊዜ አጭር ነው። ከኪሳራው አብዛኛው የቀን ስህተት ነው፦ ሁለት ቀን ቀድሞ መቆፈር፣ ሳምንት ዘግይቶ ማጠጣት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

የምትይዙት ዕቃ

- ዶማ፣ አካፋ፣ ደንጎራ
- አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ባለ 8 ሚሊሜትር ፌሮ
- ሜትር፣ ሲባጎ፣ ደርዘን የሚሆን ካስማ
- ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበት ግልጽ የላስቲክ ቱቦ፣ 12 ሜትር
- ባዶ ሃይላንድ፣ ነጭ ሰሃን፣ አንድ ሎሚ
- ደብተርና እርሳስ። ስልክ ላይ እጽፋለሁ አትበሉ፤ እጃችሁ ጭቃ ነው የሚሆነው።

## 1. መሬቱን በደረቁ እዩት

ጥር ወይም የካቲት ላይ ሂዱ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ስንጥቁ ስለሚዘጋ ምንም አታዩም።

ሰፊ የሚመስለውን ስንጥቅ ምረጡና ፌሮውን ቀስ አድርጋችሁ ስደዱት። አትግፉ፣ በራሱ ክብደት ይውረድ። አፉ ላይ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ሰፍቶ ፌሮው 50 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ያላችሁት ጥልቅ ኮቲቻ ነው። በአምስት ስድስት ቦታ ድገሙት፣ ጻፉት። ስንጥቁ ቀጭን ሆኖ 10 ሴንቲሜትር ላይ ከቆመ ግን ላይኛው ቅርፊት ብቻ ነው የተሰነጠቀው፤ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልጋችሁም።

ታርሶ የማያውቅ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ ገጹን እዩ። ጉብ፣ ዝቅ፣ ጉብ፣ ዝቅ እያለ የሚሄድ ሜዳ አፈሩ ከሥር እየተገፋ እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል። ዝቅ ያሉት ቦታዎች ላይ ካስማ ትከሉ፤ ሐምሌ ላይ መጀመሪያ ውሃ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ዙሪያውንም ቃኙ። የአጥር እንጨቶቹ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ካዘነበሉ፣ የግንብ አጥሩ ደረጃ እየሠራ ከተሰነጠቀ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄው አፈር ነው።

ካልሆነ፦ መሬቱ በቅርቡ ታርሶ ስንጥቁ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። አከራዩ ደብቆ ነው ማለት አይደለም። ያልታረሰውን ዳር ላይ ሂዱና እዚያ ለኩ።

ተጠንቀቁ፦ ፍየልና ጥጃ በሰፊ ስንጥቅ ላይ አትንዱ። እግር ይሰብራል።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው «ጎርፍ» ሲባል የደቻቱ ወንዝ ነው የሚመጣበት። እሱ የሚሮጥ ጎርፍ ነው። የሚሮጥ ውሃ አሸዋና ጠጠር ጥሎ ያልፋል፤ ለዚህ ነው የአሸዋ ጫኞቹ መኪና ከወንዙ ሆድ የማይጠፋው። ኮቲቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ውሃው በሚተኛበት ቦታ ነው። ደቃቁ ሸክላ የሚሰፍረው ውሃው ሲቆም ነዋ። እና ሜዳችሁ ጥልቅ ሸክላ ከሆነ፣ ውሃ እዚያ ሲተኛ ሳይኖር አልቀረም። ዘንድሮም ይተኛል።

## 2. አንድ ሜትር ቆፍሩ

ጎኑ 1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ጉድጓድ፣ 1 ሜትር ጥልቀት። በዶማ ብቻ አይሆንም፤ በደንጎራ እየፈነቀላችሁ።

የምትፈልጉት አራት ነገር ነው።

የሚያብረቀርቅ ፊት። ከ40 ሴንቲሜትር በታች አንድ ጓል ፈንቅላችሁ አውጡና ወደ ፀሐይ አዙሩት። በሳሙና የታሸ የሚመስል፣ ጭረት ያለበት ለስላሳ ፊት ካለው፣ አፈሩ ሲያብጥ አንዱ በአንዱ ላይ የተንሸራተተበት ቦታ ነው። ይህን ካያችሁ ስለ ኮቲቻነቱ ክርክር የለም።

ነጭ ፍሬዎች። ስኳር የመሰሉ ወይም ሽምብራ የሚያክሉ ነጭ ነገሮች ካገኛችሁ ፈጭታችሁ ሰሃኑ ላይ አድርጉና ሎሚ ጨምቁባቸው። አረፋ ካወጡ ኖራ ነው። አፈሩ ወደ ኖራማነት ያደላል፣ ፎስፈረስ፣ ዚንክና ብረት ለተክሉ በቀላሉ አይለቅም። ደረጃ 7 ላይ ያስፈልጋችኋል፣ ጻፉት።

ግራጫና ዝገት መሳይ ነጠብጣብ። ውሃ ለረጅም ጊዜ የሚቆምበትን ከፍታ ይነግራችኋል። ከ30 ሴንቲሜትር በላይ፣ ወደ ገጹ ተጠግቶ ከታየ፣ ድንችን እርሱት።

ሥር። የአረሙ ሥር ጓሉን ሳይወጋ በጓሉ ፊት ላይ ብቻ ተጣብቆ ከሄደ መሬቱ ተረግጧል።

ቀለሙ አያሞኛችሁ። ጥቁር ስለሆነ ፍግ የጠገበ ይመስላል እንጂ፣ ኮቲቻ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅንም የበሰበሰ ነገርም ያንሰዋል።

ተጠንቀቁ፦ እርጥብ ኮቲቻ ጉድጓድ ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ። ያ የሚያብረቀርቅ ፊት ነው የሚንሸራተተው፤ ግድግዳው ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ስትጨርሱ ዛሬውኑ ድፈኑት።

## 3. ሦስት ፈተና በእጅ

ሪባን። እፍኝ አፈር አርጥባችሁ እንደ ሊጥ እሹት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል እየገፋችሁ ጥብጣብ አውጡ። ሳይበጠስ 5 ሴንቲሜትር ካለፈ ከባድ ሸክላ ነው።

የመሸማቀቅ ልክ። ውስጡ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 4 ሴንቲሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ሥሩ። ዘይት ቀቡት። በደንብ በራሰ አፈር ሙሉትና ጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት አቆዩት። ሲደርቅ ቁርጥራጩን ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ግፉና ባዶውን ለኩ። 3 ሴንቲሜትር ከጎደለ ከአሥር አንድ እጅ ተሸማቅቋል ማለት ነው፣ ብዙ ነው። የኔው 4 ጎድሎት ነበር። የፓምፕ ቤት ወይም መጋዘን እዚያ ላይ እሠራለሁ የምትሉ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉና መሐንዲስ ጠይቁ።

የውሃ ፈተና። አተር የምታክል ደረቅ አፈር በሃይላንድ ውስጥ ባለ የዝናብ ውሃ ላይ ጣሉ። አትበጥብጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እዩ። ፈርሳ ውሃው እንደጠራ ከቆየ ደህና ነው። ዙሪያዋን ወተት የመሰለ ደመና ከሠራች አፈሩ ሶዲየም ሳይበዛበት አልቀረም። ይህን ፍግ ብቻውን አያስተካክለውም፤ ላብራቶሪ አስመርምሩ፣ ምናልባት ጂፕሰም የሚባለው ማዕድን ያስፈልገው ይሆናል። ውጤቱ ሳይመጣ ኪራይ አትክፈሉ።

## 4. የውሃውን መውጫ አግኙ

መደብ ከመሥራት በፊት ይሄ ይቀድማል። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ቆንጆ ቆንጆ መደብ ሠራሁ፣ ቦዮቹ ግን የትም አይሄዱም ነበር። ሃያ ትንንሽ ኩሬ ነው የቆፈርኩት።

1. የማሳውን ዝቅተኛ ጥግ ፈልጉ። በዓይን አትመኑ። ቱቦውን ውሃ ሙሉት፣ አንዱን ጫፍ አንድ ካስማ ላይ ያዙ፣ ሌላውን 10 ሜትር ርቆ ካለ ካስማ ላይ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፤ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለኩና ልዩነቱን ጻፉ።
2. ቦዩ በየ10 ሜትሩ ከ4 እስከ 8 ሴንቲሜትር ዝቅ እንዲል አቅጣጫውን ምረጡ። ከዚያ ካነሰ ውሃው ይተኛል። ከዚያ ከበዛ ቦዩን ይቦረቡረዋል፤ ኮቲቻ ሲቦረቦር ደግሞ ገደል ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም።
3. ዝቅተኛው ዳር ላይ ሁሉንም ቦይ የሚሰበስብ አንድ ሰፊ ፈሰስ ቆፍሩ፣ ከቦዮቹ 10 ሴንቲሜትር ጠለቅ ያለ።
4. ፈሰሱ የሚወጣበትን አፍ ድንጋይ አንጥፉበት፣ ዳሩን ሣር ትከሉበት።
5. ውሃው ወደ ጎረቤት የሚሄድ ከሆነ ዝናብ ሳይመጣ ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ሐምሌ ላይ በሌሊት ፈሰስ የተደፈነበት ሰው አውቃለሁ። ጎረቤቱ ደግሞ አልተሳሳተም።

ካልሆነ፦ ምንም መውጫ ከሌለ፣ ዙሪያው ሁሉ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ክረምት ላይ አትክልት አትትከሉ። ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ዝሩ፣ ወይም በበጋ በመስኖ ሥሩበት። ዝቅተኛው ጥግ ላይ ኩሬ ቆፍሮ ውሃውን ለበጋ ማቆየትም ይቻላል፤ ኮቲቻ አንዴ ከራሰ ውሃ ወደ ታች የሚያሳልፈው በጣም በዝግታ ነው።

## 5. የዶማውን ቀን ያዙ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

በጣም ደረቅ ሲሆን ዶማው ይነጥራል። የሚነሳው ጓል የሰው ጭንቅላት ያክላል። በጣም እርጥብ ሲሆን ደግሞ ዶማው ላይ ይጣበቃል፣ ጫማችሁ ሥር ሁለት ኪሎ ጭቃ ይደረባል፣ የገለበጣችሁት አፈር በማግስቱ ፀሐይ እንደ ሸክላ ድስት ይደርቃል። ይሄ ሁለተኛው ነው የከፋው። በእርጥቡ የታሸ ኮቲቻ አንድ ወቅት ሙሉ ይዞባችሁ ይቀራል።

በሁለተኛው ዓመቴ ቅዳሜ ስለተመቸኝ ብቻ ሠራተኛ ይዤ ሄድኩ። ሐሙስ ዘንቧል። ከጎን የሚያርሱት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው እፍኝ አፈር አነሱ፣ በመዳፋቸው አሹት፣ ቀጭን ትል አወጡና አሳዩኝ። «አቦ፣ ዛሬ አይነካም» አሉኝ። የቀን ሠራተኛው ገንዘብ ተከፍሏል ብዬ ነካሁት። ጓሉን እስከ መስከረም አልፈታሁትም።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፦

1. ከዝናብ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ሂዱ። ላዩን አትመኑ፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ጭቃ ይሆናል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ቆፍራችሁ እፍኝ አውጡ።
2. በሁለት መዳፍ መሀል አንከባልሉት። ከእርሳስ የቀጠነ ትል ሳይሰበር ከተሠራ ገና ነው፣ ወደ ቤት ተመለሱ።
3. ትሉ ሊሠራ ሲል የሚሰባበር ከሆነ ቀኑ ዛሬ ነው። ሌላ ቀጠሮ ካላችሁ ሰርዙ።
4. እፍኙ በጣት ቢጫኑት የማይፈርስ ከሆነ አልፏችኋል። ቀጣዩን ዝናብ ጠብቁ።

ይህ ጊዜ እንደ ፀሐዩና ነፋሱ ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው። ስለዚህ ከሠራተኛ ጋር ቀን ቆርጣችሁ ሳይሆን «ስደውል ትመጣላችሁ» ብላችሁ ተነጋገሩ። ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉ፣ ያዋጣል።

ዝቅ ያሉት፣ ካስማ የተከላችሁባቸው ቦታዎች ዘግይተው ይደርሳሉ። ማሳውን በአንድ ቀን መጨረስ የለባችሁም።

ካልሆነ፦ ትልልቅ ጓል ከተነሳባችሁ በመዶሻ አትውቀጡ። ተዉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ዝናብ መትቶት ሲደርቅ በራሱ ይፈረፈራል። ኮቲቻ አንድ መልካም ጠባይ ቢኖረው ይሄ ነው። በበልግ ሻካራውን ገልብጣችሁ የሰኔው ደረቅ ጊዜ ቢያገኘው ለሐምሌ ይለሰልሳል።

## 6. መደብና ቦይ

መደቡ ላይ ይተከላል፣ በቦዩ ውሃ ይወጣል። ልኩ፦

- መደብ 80 ሴንቲሜትር ስፋት
- ቦይ 40 ሴንቲሜትር ስፋት
- የቦዩ ጥልቀት 20 ሴንቲሜትር

ሲባጎ ዘርጉ፣ ከከፍተኛው ዳር ጀምራችሁ ወደ ፈሰሱ ቆፍሩ። የቦዩን አፈር ሁለቱም መደብ ላይ በትኑ። የመደቡን መሀል ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ እንደ ዓሣ ጀርባ። ዳሩን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ፣ ይናዳል፤ ዘንበል ይበል።

ከዚህ በኋላ መደቡን ማንም አይረግጥም። ሰውም፣ አህያም፣ የባለቤቱ ልጅም። መሄጃው ቦዩ ነው።

ስትጨርሱ ፈትኑት፦ ሁለት ጄሪካን ውሃ ከላይኛው ጫፍ አፍስሱ። የሚቆምበትን ቦታ አካፋ አስገቡና አስተካክሉ።

ካልሆነ፦ ከትልቅ ዝናብ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ቦዩ ባዶ ካልሆነ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እየጠረጋችሁ ኑ። አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነው የፈሰሱ አፍ ነው። በእርጥቡ ግን መደቡን አትንኩ፤ ቦዩን ብቻ።

## 7. ፍግ፣ ማዳበሪያ፣ እና አሸዋ

ስለ አሸዋ መጀመሪያ፦ አታምጡ። «አሸዋ ቀላቅሉበት» የሚል ምክር በየቦታው አለ። ሂሳቡን ሥሩት። 1000 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 16 ሜትር ኩብ የጫነ አንድ ሲኖ ብትበትኑ ውፍረቱ 1.6 ሴንቲሜትር ነው። ሸክላው ውጦት ይቀራል። ጠባዩን ለመለወጥ ከአፈሩ ግማሽ የሚሆን አሸዋ ያስፈልጋል። በዚያ ገንዘብ ባቢሌ ሄዳችሁ አሸዋማ መሬት ብትከራዩ ይሻላል።

የሚሠራው የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ነው፣ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ። መደቡ ላይ ብቻ፣ ላዩ 10 ሴንቲሜትር ውስጥ።

ኤንፒኤስ ማዳበሪያውን ደረቅ ስንጥቅ ባለበት አትበትኑ። ፍሬው ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ሥር የማይደርስበት ይወርዳል። ሲተከል በመስመሩ ጎን ቀበር አድርጉት። ኖራ ያገኛችሁ ደግሞ በተለይ፦ ከመበተን ይልቅ ወደ ሥሩ አስጠግታችሁ ቅበሩ።

ዩሪያን ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ከፋፍሉት። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ ሁሉንም በአንዴ ከጣላችሁ ሁሉም በአንዴ ይሄዳል። ሰማዩ ከጠቆረ ያን ቀን አታድርጉ።

ካልሆነ፦ አሮጌው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን ነው፤ ቦዩን አጽዱ፣ ሲጠፈፍ ዩሪያ ጨምሩ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት ነው፣ ዩሪያ አያድነውም፤ ቅጠል ላይ የሚረጭ ብረት ያለበት ማዳበሪያ ጠይቁ።

## 8. ምን ትተክላላችሁ?

ማሽላና ጤፍ ትንሽ ውሃ ይችላሉ። ሽንኩርትና ጎመን መደብ ላይ ይሆናሉ። ድንችና ቦሎቄ ውሃ ከተኛባቸው ያልቅላቸዋል፤ መውጫው እርግጠኛ ካልሆነ አትሞክሩ። ካሮት ይበቅላል ግን ሁለት እግር አውጥቶ ይጣመማል፣ ገበያ ላይ ማንም አያነሳላችሁም። ጫት እርጥብ እግር አይወድም።

ሽንኩርት ከሆነ በመደቡ 3 መስመር፣ በመስመር መሀል 20፣ በችግኝ መሀል 10 ሴንቲሜትር። አራተኛ መስመር ለማስገባት አትጓጉ፤ የዳሩ መስመር ከመደቡ ጋር ይናዳል።

## 9. ማጠጣት

ኮቲቻ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ግን ከያዘው ብዙውን ለተክሉ አይሰጥም። አፈሩ በእጅ እርጥብ እያለ ችግኙ ሊጠወልግ ይችላል። ስለዚህ የጣት ፈተናውን ከአሸዋ መሬት ልምዳችሁ ጋር አታወዳድሩ።

ደንቡ፦ ስንጥቅ እርሳስ ከማስገባቱ በፊት አጠጡ። ከዚያ ካለፈ ስንጥቁ ሥር ይበጥሳል፣ ፓምፑ ያመጣውንም ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ይሰደዋል። ነዳጅ አቃጥላችሁ ቦዩ ጫፍ አይደርስም።

ካልሆነ፦ ስንጥቁ ቀድሟችሁ ከሰፋ በአንዴ አትሙሉት። ላዩን በዶማ ጫፍ ጫር ጫር አድርጋችሁ አፉን በልል አፈር ድፈኑ፣ ቀስ ያለ ውሃ ልቀቁ፣ አቁሙ። አፈሩ አብጦ ስንጥቁ እስኪዘጋ ጠብቃችሁ በማግስቱ ሁለተኛውን ዙር ልቀቁ።

የፕላስቲክ ቱቦ አትቅበሩ። አፈሩ ሲሸማቀቅ መገጣጠሚያውን ይነቅለዋል። ላዩ ላይ ይሂድ።

## 10. ምርት ሲነሳ

ምርቱ ተነስቶ እርጥበቱ ሳያልቅ፣ በዚያው ሳምንት፣ የትሉን ፈተና ሠርታችሁ ላዩን ገልብጡ። «በጋ ላይ አርፌ እመጣለሁ» ካላችሁ ታኅሣሥ ላይ ዶማው ይነጥራል። መደቡን አታፍርሱት፤ ቦዩን ብቻ ጥረጉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እዚያው ላይ ትሠራላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ውሃ ቆሞ የነበረባቸው ቦታዎች ላይ ያሉትን ካስማዎች ተዉዋቸው። የባለቤቱ ልጆች ለማገዶ ሊነቅሏቸው ስለሚችሉ ደብተሩ ላይም ከአጥሩ በእርምጃ ለክታችሁ ጻፉ።